የእጄ ነው ወይስ የነፍስህ?

እንደምን ሰነበታችሁ? ለዛሬ ያዘጋጀሁት ሌላ ርእስ ነበር፤ ማይክሮፎኑን ስከፍት ግን አፌ ላይ የመጣው የሐሙሱ ነገር ሆነ። አሥራቴንና ምጽዋቴን በምመዘግብበት ደብተሬ ስትቀልዱብኝ የኖራችሁ ሁሉ ዛሬ በቂ ምክንያት ታገኛላችሁ።

ልብስ የሚያጥቡልንን እናት ታውቋቸዋላችሁ፤ በረንዳው ላይ ሳፋ ሲገፉ የሚሰማው ድምፅ ስንት ቅጂ እንዳበላሸብኝ ነግሬያችኋለሁ። ሐሙስ ሥራቸውን ሲጨርሱ የተለመደውን 400 ብር ከፈልኳቸው፤ የገብርኤል ሰሞን ስለነበረ ደግሞ 200 ብር ጨመርኩላቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ አደራረቁ። የጣቶቻቸው ጫፍ ውኃ ጠግቦ ነጭቷል፣ ተጨማዷል። ብሩን ተቀብለው ከቆጠሩ በኋላ አራቱን መቶዎች በቀኝ እጃቸው፣ ሁለቱን በግራ እጃቸው ለይተው ያዙና፣ «ልጄ፣ ይኼኛው የእጄ ነው ወይስ የነፍስህ?» አሉኝ።

እኔም «ያው ነው እትዬ፣ ይያዙት» አልኳቸው።

«ያውማ አይደለም። የነፍስህ ከሆነ እመርቅሃለሁ፤ የእጄ ከሆነ ግን ዘግይቷል» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የሚጠይቁት የሳሙናውን ዓይነት ይመስል ነበር። እኔ መልስ እስካገኝ ግን አልጠበቁም። አራቱን መቶዎች መቀነታቸው ውስጥ አስገቡ፣ ሁለቱን በእጃቸው እንደያዙ «ገብርኤል ይከተልህ» ብለው መረቁኝና ወጡ።

ይህችን ቅጽበት ከዚያን ቀን ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደመለስኳት ልነግራችሁ አልችልም። «የእጅዎ ነው፣ የሥራዎ ዋጋ ነው» ብዬ ቢሆን ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር? ምርቃቱ ይቀርብኝ ነበር፤ ምናልባትም ያፈገፈግኩት ከዚያ ነው። 400 ብር ብለን የተስማማነው የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ ለዚህ ዝግጅት የማስታወቂያ ዋጋዬን ሁለት ጊዜ ከፍ አድርጌያለሁ፤ ደንበኞቼንም «ኑሮው እንደምታውቁት ነው» ብያቸዋለሁ። ማታ ደብተሬን ስገልጥ 200 ብሩን የመዘገብኩት የት እንደሆነ አየሁ፤ በገዛ እጄ፣ «ምጽዋት» በሚለው ዓምድ ሥር ነበር።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በአንጾኪያ፣ ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጸጋው በሰበካቸው ስብከቶች ካለን ነገር ለድሆች አለማካፈል ራሱ እነርሱን መዝረፍ ነው ይላል። እኛ ስለዚያ ባለጸጋ፣ ነዌ ስለምንለው፣ ስንሰብክ ቀይ ልብሱንና ድግሱን እናነሣለን። ወንጌሉ ግን አልዓዛርን መታው ወይም አባረረው አይልም፤ አልዓዛር ደጁ ላይ እንደተኛ ብቻ ይነግረናል። ለመሆኑ ነዌ ደብተር ነበረው ይሆን? ስቀልድ ነው። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

ይህን ሳሰላስል ሐሳቤ የድሃ አገሮች ዕዳ እንዲሰረዝ ወደጠየቀው የኢዮቤልዩ 2000 ዘመቻ ሄደ። መነሻው ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ነው፤ በሃምሳኛው ዓመት የተሸጠ መሬት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ ለባርነት የተሸጠውም ወደ ወገኑ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 የቡድን ስምንት፣ ማለትም የኃያላኑ ስምንት አገሮች፣ መሪዎች በእንግሊዟ በርሚንግሃም ሲሰበሰቡ፣ ብዙዎቹ ከአብያተ ክርስቲያናት የመጡ ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የከተማዋን መሃል ከበቡ፤ የድሃ አገሮች ዕዳ ይሰረዝ አሉ። ክርክራቸው ብድሩን ያልወሰነውና ገንዘቡን ያላየው ድሃ፣ ከልጁ ትምህርት ቤትና ከክሊኒኩ እየተቀነሰበት ወለድ መክፈል የለበትም የሚል ነበር። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2004 ከባድ ዕዳ ላለባቸው ድሃ አገሮች የተዘጋጀውን የዕዳ ቅነሳ መርሐ ግብር አጠናቅቃ፣ ከ2005ቱ የቡድን ስምንት የግሌንኢግልስ ስብሰባ በኋላ ደግሞ ተጨማሪ ስረዛ አግኝታለች። ዜናው እኛ ዘንድ ሲደርስ ለጋሾች አዘኑልን፣ ማሩን በሚል ቃና ነበር። በርሚንግሃምን የከበቡት ሰዎች ግን ፍትሕ ብለው ነበር የወጡት፤ እትዬ እንዳሉት፣ የእጅ ነው ብለው።

እዚህ ላይ ግን እርግጠኝነቴ ይላላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አገራችን ለውጭ አበዳሪዎች በሸጠችው ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች፤ ከዚያ ሁሉ ስረዛ በኋላ ዕዳው ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። ስረዛው ከንቱ ነበር ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ አይመስለኝም፣ ግን የምከራከርበትም አቅም ዛሬ የለኝም።

አንድ ነገር ግን አላስተኛኝም። በጸሎታችን «በደላችንን ይቅር በለን» እንላለን፤ የማቴዎስ ወንጌል የግሪኩ ቃል ግን «ዕዳችንን» ይላል። በልጅነቴ ከተማርኩት ቀን ጀምሮ ይህን ጸሎት ሳደርስ የማስበው ቁጣዬንና ሐሜቴን ነበር፤ የልብስ አጠባ ሒሳብ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ደግሞም እስቲ ልብ በሉ፤ አሁን የእርሳቸውን ጥያቄ ወስጄ ክፍል እየሠራሁበት ነው። ማስታወቂያም ይገባበታል። ይህን ከተናገርኩ በኋላ ልቀጥልበት ወይስ ላጥፋው ብዬ ትንሽ ዝም አልኩ፤ ዝምታውን ቆርጬ አውጥቼዋለሁ።

ትናንት ሒሳቡን ሠራሁት። ትክክለኛው ዋጋ 600 ነው ብል፣ ያለፈው ዓመት 52 ሐሙሶች ብቻ 10,400 ብር ይሆናሉ። ቁጥሩን ጽፌ ሳልጨርስ «ሁሉን በአንዴ ብሰጣቸው ያፍራሉ» የሚል ሐሳብ መጣልኝ፤ እንዲህ ያለ ለእኔ የሚመች ርኅራኄ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ስታዩ... ብቻ ፖስታ ገዝቻለሁ። ግማሹን አስገብቼበታለሁ። ግማሹን ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። በደብተሬ ላይም አዲስ ዓምድ አሰመርኩ፤ ርእሱን ግን ገና አልጻፍኩበትም፣ «ዕዳ» ልበለው ብዬ ብዕሩን አንሥቼ ነበር፤ ከዚያ ስልክ ተደወለና... ሐሙስ ይመጣሉ። ሳፋው በረንዳው ላይ ተደፍቷል፣ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል፤ እና ምናልባት በሚቀጥለው ሳምንት...