ድምፃችሁ የት ላይ ያርፋል?

(ለጀማሪ ድምፃውያን ሥልጠና መክፈቻ የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። ቅዳሜ ጠዋታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ ከኳየር ነው የመጣችሁት፣ አንዳንዶቻችሁ ከባንድ። ገና ቤት ውስጥ ብቻ የምታንጎራጉሩም አላችሁ። ሁላችሁም ግን አንድ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። «እኔ ምንድን ነኝ? ሶፕራኖ ነኝ አልቶ? ቴነር ነኝ ባስ?» ከሴቶች ቀጭኑ ድምፅ ሶፕራኖ፣ ወፍራሙ አልቶ ነው፤ ከወንዶች ቀጭኑ ቴነር፣ ወፍራሙ ባስ።

ጥያቄው ጥሩ ነው። የሚያሳስበኝ መልሱ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ብዙ ቦታ አዲስ ሰው ሲመጣ አንድ ዜማ እንዲሞክር ይደረጋል። ከፍ ያለውን ቦታ ከደረሰበት ቴነር ይባላል፣ ካልደረሰበት ባስ። ሴቷ ከዋናው ዜማ ጎን የሚሄደውን ሁለተኛ ድምፅ መያዝ ከቻለች ወዲያው አልቶ ትደረጋለች። ጆሮዋ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ! ጆሮ ሌላ፣ ጉሮሮ ሌላ። ያ ስም ከተለጠፈ በኋላ ለዓመታት ማንም አይመረምረውም።

እኔ የማምነውን ልንገራችሁ። እስከ የት መድረስ ትችላላችሁ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ሬንጅ የምንለው እሱን ነው። የት ላይ ሆናችሁ ሳይጨንቃችሁ፣ ሳይደክማችሁ ረጅም ሰዓት መዝፈን ትችላላችሁ የሚለው ሌላ ነው። የድምፅ ዓይነታችሁን ይበልጥ የሚያሳየው ይሄ ሁለተኛው ነው። እኛ ግን ሁልጊዜ የምንጨነቀው ለመጀመሪያው ነው።

እስቲ ጉሮሯችን ውስጥ ያለውን እንየው። ማንቁርት ውስጥ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች አሉ፤ የድምፅ አውታር እንላቸዋለን። አየር ከሳንባ ሲወጣ ይርገበገባሉ። አዋቂ ወንድ ላይ ርዝመታቸው ከ17 እስከ 25 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሴት ላይ ከ12 እስከ 17 ሚሊሜትር ገደማ። ረዘም ወፈር ያለው ቀስ ብሎ ይርገበገባል፣ ድምፁም ይወፍራል። አጠር ቀጠን ያለው ይፈጥናል። ከኖታዎቹ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ) ኦርኬስትራ የሚቃኝባትን ላ የሚይዝ ሰው አውታሮቹ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይገጣጠማሉ። ሶፕራኖ ከፍተኛውን ዶ ስትይዝ ደግሞ ከ1,000 ጊዜ በላይ። እዚያ ከፍታ ላይ በግድ የሚጮህ ሰው እነዚያን ትንንሽ እጥፋቶች ምን እያደረጋቸው እንደሆነ አስቡት።

የአውታሩን ርዝመት ልምምድ አይቀይረውም። አተነፋፈሳችንን፣ ቅልጥፍናችንን፣ ብርታታችንን ግን ይቀይራል። ስለዚህ ሬንጅ በሥልጠና ይሰፋል። የድምፅ ዓይነት ግን አብሮን የተፈጠረ ነው።

አራቱ ስሞች ከአውሮፓ የኳየር ሙዚቃ የመጡ ናቸው። በግርድፉ ሶፕራኖ ኪቦርዱ መሃል ካለው ዶ ተነሥታ ሁለት ኦክታቭ ወደ ላይ ትሄዳለች፤ ኦክታቭ ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት ነው። ቴነር ከእሷ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል። አልቶ ከመሃሉ ዶ በታች ካለው ፋ ትነሣለች፤ ባስ ከሁሉም በታች ነው። እዚህ አከፋፈል ውስጥ ግን መሃሉ ጎድሏል። ኦፔራ ውስጥ መሃሉ ስም አለው፤ ሴቷ ሜዞ ሶፕራኖ፣ ወንዱ ባሪቶን ይባላሉ። አብዛኛው ሰው ደግሞ ያለው እዚሁ መሃል ላይ ነው። የእውነት ወፍራም ባስ ብርቅ ነው። ከሴቶችም የመጨረሻ ወፍራሟ፣ ኮንትራልቶ የምትባለው፣ እንደዚያው።

ስለዚህ እዚህ ካላችሁት ወንዶች ብዙዎቻችሁ ባሪቶን ናችሁ ብዬ እገምታለሁ። ቴነር ጋ ስትቆሙ ከፍ ያለው ቦታ ላይ አንገታችሁ ይገተራል። ባስ ጋ ስትቆሙ ታችኛው ኖታ ላይ ድምፅ ጠፍቶ አየር ብቻ ይወጣል። ከዚያ «አልችልም» ብላችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ቦታው የእናንተ ስላልሆነ ብቻ ስንት ጥሩ ድምፅ ዝም ብሏል!

አሁን እንዴት እንደምንፈልገው ላሳያችሁ። ኪቦርድ የሌለው በስልኩ የፒያኖ አፕ ይጠቀም። መጀመሪያ አትዝፈኑ፤ አውሩ። እንደ ወትሯችሁ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብላችሁ ቁጠሩ። «አራት» ላይ ስትደርሱ ድምፁን ሳብ አድርጋችሁ ያዙት። የያዛችሁት ድምፅ የትኛው ቁልፍ ላይ እንዳለ ፈልጉ። መነሻችሁ እሱ ነው። ከዚያ «ማ» እያላችሁ አንድ አንድ ቁልፍ ውረዱ። ድምፁ መቆራረጥ ሲጀምር አቁሙ። ጥርት ብሎ የወጣው የመጨረሻው ኖታ የታች ወሰናችሁ ነው፤ ጻፉት። ወደ መነሻው ተመለሱና አሁን ወደ ላይ ውጡ። አትጩሁ። አጠገባችሁ ላለ ሰው በምታወሩበት ኃይል ብቻ። መስታወት ፊት ብትቆሙ ይሻላል፤ አገጫችሁ ከተነሣ፣ ትከሻችሁ ከተሰቀለ ድምፃችሁ እየተቸገረ ነው።

ወደ ላይ ስትወጡ የሆነ ቦታ ላይ ድምፃችሁ ይቀየራል። ወይ ይሰበራል፣ ወይ ሳሳ ብሎ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ይገባል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያፍርና ያቆማል። እኔ ግን ከምንም በላይ መስማት የምፈልገው ይቺን ቦታ ነው። ቴነር ላይ ይሄ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከመሃሉ ዶ በላይ፣ ፋና ሶል አካባቢ ይመጣል። ባሪቶን ላይ ቀደም ብሎ፣ ሚ አካባቢ። ሁለት ወንዶች እኩል ላ ሊደርሱ ይችላሉ። አንዱ ሚ ላይ መታገል ይጀምራል፤ ሌላው ፋን እንደ ንግግር አልፎት ይሄዳል። ሬንጃቸው አንድ ነው፣ ድምፃቸው ግን አንድ አይደለም።

ይሄን በአንድ ቀን አትጨርሱት። ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሡ ድምፅ ይወፍራል፤ ጉንፋን ሲይዛችሁም እንደዚሁ። በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሰዓት ሞክሩት። የድምፁን ቀለምም ስሙ። ጥላሁን ገሠሠና ማህሙድ አህመድ አንድ ዓይነት ኖታ ቢይዙ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትለዩዋቸዋላችሁ። ኪቦርድ ያንን ሊለካው አይችልም።

ቦታችሁን ካወቃችሁ በኋላ ምን ታደርጉበታላችሁ? ኪይ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚነሣበትን ከፍታ፣ ትመርጡበታላችሁ። ጥሩ ክራር ደርዳሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዘፋኙ ያንጎራጉራል፣ እሱ ጆሮውን ሰጥቶ አንዱን ክር ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ ያደርጋል። ክራሩ ነው ወደ ሰውየው ድምፅ የሚመጣው። አዝማሪም ማሲንቆውን ለገዛ ድምፁ ነው የሚቃኘው። የትዝታን ቅኝት ትዝታ የሚያደርገው በኖታዎቹ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ከየትም ይነሣ ትዝታ ነው። ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም እንደዚያው። አባቶቻችን ይሄን ጠንቅቀው ያውቁታል።

እኛ ግን ዘፈኑን ዋናው ዘፋኝ በዘፈነበት ኪይ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን። ኪይ ማስወረድ እንደ ሽንፈት ይታያል። ልጅቷ ስንኙን ደስ እያላት ትዘፍንና አዝማቹ ሲመጣ ፊቷ ይቀየራል፣ የደም ሥሯ ይወጣል። ኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝ የሚል ቁልፍ አለ። ሁለት ጊዜ ወደ ታች ሲነካ አንድ ሙሉ ቶን ይወርዳል። አዝማቹን ትዘፍነዋለች፤ ሰሚውም ቃሉን ይሰማል። እባካችሁ፣ ኪቦርዲስቱን ለመጠየቅ አትፈሩ። ኪቦርዲስቶችም ካላችሁ፣ ሳትጠየቁ ጠይቁ።

ልጆች የምታሠለጥኑም እዚህ አላችሁ። ወንድ ልጅ ከ12 ዓመት ወዲህ ማንቁርቱ ያድጋል፣ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ያህል ይወርዳል። በመሃል ይሰባበራል። የሴቶቹም ይቀየራል፣ መጠኑ ግን ያንሳል። በዚያ ዕድሜ «አንተ ባስ ነህ» ብላችሁ አትወስኑ። በየጥቂት ወሩ አዳምጧቸው፣ ሲመቻቸው ቦታ ቀይሩላቸው።

ስለ ጤና ባጭሩ። ከዘፈናችሁ በኋላ የሚያማችሁ ከሆነ የሆነ ነገር ተሳስቷል፤ ሕመም የልምምድ ምልክት አይደለም። የዝንጅብል ሻይ ጉሮሮን ያሞቃል፣ ግን በምግብ ቧንቧ ነው የሚወርደው፤ አውታሩን አይነካውም። የሚጠቅመው ቀኑን ሙሉ ውኃ መጠጣትና ማረፍ ነው። ጎርናና ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ከሻይ በኋላ ተራ በተራ ኪቦርዱ ጋ እንቀመጣለን። ወረቀታችሁ ላይ የታች ወሰናችሁን እንጽፋለን፣ ድምፃችሁ የሚቀየርበትን ቦታ እንጽፋለን፣ ከዚያ ተመችቷችሁ የምትዘፍኑበትን ክፍል እናከብበዋለን። ከፍተኛውን ኖታ የምንሞክረው መጨረሻ ላይ ነው። ጊዜ ካልበቃን ይቅር።