የፎቶው ዳር ላይ የቆመችው ሴት

እሷ፦ ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ቤተሰብ ማኅበር ነው። ዘመድ በየዓመቱ ይሰበሰባል፣ ያለፉትን ያስባል፣ ይበተናል። አንዳንዱ ማኅበር እየሰፋ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «እንዴት አደራችሁ» ብቻ ይቀራል።

እሱ፦ (ሳቅ) የኛን ግሩፕ ነው እንዴ የምትዪው?

እሷ፦ እኔ ስም አልጠራሁም።

እሱ፦ የኛስ ለጥቂት ነው የተረፈው። አንድ ፎቶ ነው ያተረፈን።

እሷ፦ በል አውራን።

እሱ፦ የቅድመ አያቴ ፎቶ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ አንዱ ጥግ የተቀደደ። እሱ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ልጆቹ ከበውታል። ዳር ላይ አንዲት ሴት ቆማለች፤ ግማሽ ፊቷ ተቆርጧል። ማን ናት ስንል ሁሉም «ጎረቤት ትሆናለች» ይለናል። ሁለት ዓመት ስብሰባው ላይ ግድግዳ ላይ ለጠፍናት። በሦስተኛው ዓመት አንዲት አሮጊት ሰው ደግፏቸው መጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ፎቶውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፣ ከዚያ ጣታቸውን ሴትዮዋ ላይ አሳረፉ። «ይቺማ እናቴ ናት» አሉ።

እሷ፦ ውይ!

እሱ፦ የቅድመ አያቴ እህት ናት። እኛ ባዘጋጀነው የዘር ሐረግ ላይ ስሟ የለም። ወንዶቹን ብቻ ነበር የጻፍነው። በሚቀጥለው ዓመት በሷ በኩል ያሉት ሃያ ሦስት ሆነው መጡ።

እሷ፦ ይሄ እኮ የኛ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም። የኮንፊሽየስን ዘር ታውቃለህ አይደል? የቻይናውን ፈላስፋ። ቤተሰቡ የዘር መዝገቡን በየዘመኑ እያደሰ አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1937 የታተመው 560,000 ገደማ ሰው ነበረበት። በ2009 የወጣው ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ ከ80 ትውልድ በላይ ነው የሚቆጥረው። ሴት ልጆችን ሲመዘግብ ያ የመጀመሪያው ነው።

እሱ፦ ጭማሪው ግን ሁሉም በሴቶቹ አይደለም። ሕዝቡም በዝቷል።

እሷ፦ እሱማ ልክ ነህ። ግን ማን ይቆጠር የሚለውን የሚወስነው ማኅበሩ ነው። ከማን ይጀመር የሚለውንም እንደዚያው። እስቲ እያንዳንዱ ሰው አራት ልጅ ወለደ እንበል። አያትህን መነሻ ካደረግክ የልጅ ልጆቹ 16 ናቸው። አንድ ትውልድ ወደ ላይ ከወጣህ በእኩያህ ደረጃ ያሉት 64 ይሆናሉ። ሌላ አንድ ከጨመርክ 256።

እሱ፦ እንግዲያው ምንጅላት ድረስ እንውጣ!

እሷ፦ አይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ሰው የሚመጣው ፊቱን ለሚያውቀው ወይም ታሪኩን ለሰማው ሰው ነው። ስም ብቻ የቀረለትን አያት ብሎ ማን ሥራውን ትቶ ይመጣል?

እሱ፦ ፈረንሳይ ውስጥ እኮ እ.ኤ.አ. በ2012 የአንድ ቤተሰብ ስብሰባ ላይ 4,514 ሰው ተገኝቶ ጊነስ መዝግቦታል።

እሷ፦ 4,514! ሰላም ተባብለው ሳይጨርሱ መሽቷል።

እሱ፦ (ሳቅ) እኔ ግን ብሄድ ደስ ይለኛል።

እሷ፦ አንተማ ትሄዳለህ። ይልቅ ወደ ማክበሩ ልምጣ። ብዙ ቦታ ያለፉትን ማክበር ማለት ረጅም ንግግር ነው። አንድ አጎት ማይክ ይይዛል፣ «አያታችን እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ» ይላል፣ አርባ ደቂቃ። ወጣቱ ስልኩ ውስጥ ገብቷል።

እሱ፦ ንግግሩ ደግሞ ሁልጊዜ ሙገሳ ነው። አንድ ነገር ልንገርሽ። አያትየው ወንድሙን ከርስቱ አውጥቶት ከሆነ የወንድምየው ልጆች ያን ሙገሳ ሁለተኛ ሊሰሙ አይመጡም። ለምን ቀሩ ብለን እንገረማለን። የተበደለው ወገን ታሪኩን ራሱ ይናገር፣ ማይኩን ስጡት።

እሷ፦ ጠብ አይነሳም?

እሱ፦ ይነሳል። እኛ ጋ ተነስቷል። ግን ለመጣላትም መምጣት አለባቸው አይደል?

እሷ፦ (ሳቅ) እሺ። እኔ ደግሞ ወጣቱ ሥራ ይሰጠው ነው የምለው። ለምሳሌ መቃብር ማጽዳት።

እሱ፦ አታስታውሺኝ። አንድ ዓመት በበረኪናና በሽቦ ብሩሽ ፈተግነው። ነጭ ሆነ፣ ደስ አለን። ፊደሉ ግን ግማሹ ሄደ።

እሷ፦ ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ! በረኪናው ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ ያፈራርሰዋል። ፎቶም እንደዚሁ ነው፤ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። ለስላሳ እርሳስ ይበቃል።

እሱ፦ ስልክ የያዘው ልጅ ደግሞ ሽማግሌዎቹን ይቅረጽ።

እሷ፦ ይቅረጽ፣ ግን አጠያየቅ አለው። «ስለ ሕይወትዎ ይንገሩኝ» ካልካቸው «ምን አለ ብለህ ልጄ» ብለው ዝም ነው። ፎቶ አሳይተህ «ይሄ በር የማን ቤት ነው?» በላቸው። አንድ ሰዓት ያወሩሃል። በሩን ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሰበረው፣ ሁሉን።

እሱ፦ መዋጮስ?

እሷ፦ አጭር ነው። የገባውና የወጣው ሒሳብ ላልመጣውም ጭምር ይላክ። አበቃ።

እሱ፦ እኔ የዘንድሮውን ፎቶ መርጫለሁ። የአያቴ ሠርግ ነው። ትከሻዋ ላይ የሕፃን እጅ አርፏል፣ ከእጁ በቀር ሌላው አይታይም።

እሷ፦ የማን እጅ ነው?

እሱ፦ አናውቅም። ግድግዳው ላይ እንለጥፈዋለን።