የአዌቱ ውሃ ቢደፈርስም

ጥያቄ (ከጅማ ሂርማታ የደወሉ እናት)፦ «የልጅ ልጄ ሲያጠና ሰማሁት፤ ውሃ በየትም አገር አንድ ነው ይላል። የአዌቱ ውሃ ክረምት ሲደፈርስ፣ በጋ ሲጠራ እያየሁ እንዴት አንድ ይሆናል ልጄ?»

መልስ፦ እናቴ፣ እንዴት ያለ ጥሩ ጥያቄ ነው! የደፈረሰው በአፈሩ ነው እንጂ ውሃው ራሱ አልተለወጠም። ጭቃውንም ሌላውንም አስወግደው 9 ግራም ንጹህ ውሃ ቢመዝኑ፣ 1 ግራም ገደማው ሃይድሮጅን፣ 8 ግራም ገደማው ኦክስጅን ነው። የዝናቡም፣ የቧንቧውም ያው ነው።

ለምን? አቶም (የሃይድሮጅንም ሆነ የኦክስጅን ትንሿ ቅንጣት) ተሸርፎ ወደ ውሃው አይገባም። ወይ ሙሉው ይገባል፣ ወይ ይቀራል። ኦክስጅንን ሁለት እጅ እንዳለው ሰው ያስቡት። በአንዱ እጁ አንድ ሃይድሮጅን፣ በሌላው ሌላ ሃይድሮጅን ይይዛል፤ በቃ፣ እጁ ሞላ። የኦክስጅን አቶም ደግሞ ከሃይድሮጅኑ 16 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ክብደቱ 16 ለ 2፣ ማለትም 8 ለ 1 ይመጣል። 8 ግራም ኦክስጅን ይዘን ሃይድሮጅኑን 2 ግራም ብናደርገው፣ የምናገኘው ውሃ ያው 9 ግራም ነው። አንዱ ግራም ሃይድሮጅን ይተርፋል።

አንድ ውሁድ (የተለያዩ አቶሞች ተያይዘው የሠሩት ነገር) የትም ቢገኝ የክብደት ድርሻው አንድ ነው የሚለውን ይህን ሕግ በሚዛን ያሳየው ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፕሩስት ነው። በ1790ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስፔን ሆኖ መዳብ ካርቦኔትን መረመረ። ከተፈጥሮ የተገኘውም፣ በላብራቶሪ የተሠራውም በውስጡ ያሉት ነገሮች የክብደት ድርሻ አንድ ሆነ። የአገሩ ሰው በርቶሌ አልተቀበለውም፤ ለዓመታት ተከራከሩ። በአቶም ያብራራው በኋላ የመጣው እንግሊዛዊው ዳልተን ነው።

ጥያቄ (አንድ ወጣት)፦ «ታዲያ አቦልና በረካ ለምን ይለያያሉ?»

መልስ፦ ጀበና ውስጥ ያለው ድብልቅ ነው ወንድሜ። ድብልቅ ሊወፍርም ሊቀጥንም ይችላል። ካፌኑ ግን ውሁድ ነው። አቦሉ ላይ ይበዛል፣ በረካው ላይ ያንሳል እንጂ እያንዳንዱ ሞለኪውል (የካፌኑ ትንሿ ቅንጣት) 8 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅን፣ 4 ናይትሮጅንና 2 ኦክስጅን ነው።

ጥያቄ (አንዲት መምህርት)፦ «ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ሁለት ዓይነት ጋዝ ይሠራል። ሕጉ አልፈረሰም?»

መልስ፦ አልፈረሰም እህቴ። ሁለቱ ለየቅል ውሁዶች ናቸው። 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ 16 ብቻ ሲያገኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ። መካከል የለም። ይህ ሁለተኛው ሽታ የለውም፣ ይገድላል። አየር ሲያጥረው ከሰል የሚያወጣው እሱን ነው። ቡና አፍልታችሁ ስትጨርሱ፣ እባካችሁ፣ ምድጃውን ደጅ አውጡት። ከሰል ያለበት ቤት በር ዘግታችሁ አትተኙ።