ነጭ ነጠላ፣ ቀትር ፀሐይና ካሜራ፦ ለጀማሪ ፎቶ አንሺዎች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! አብዛኞቻችሁ ለጥምቀት ካሜራ ይዛችሁ ጃንሜዳ ለመውጣት ስለምትዘጋጁ የዛሬውን ንግግር ከነጠላ እንጀምረዋለን።

ካሜራ ነጠላ አያውቅም። የብርሃን መለኪያው የሚነሳው ያየው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ከሚል ግምት ነው። ፍሬሙ በነጭ ልብስ ሲሞላ ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል። ነጠላው አመድ ይመስላል፤ የለባሹ ፊት ጠቁሮ ዓይኑ እንኳ አይለይም። ጥቁር ካባ የለበሱ ካህን ፍሬሙን ሲሞሉት ደግሞ ካባው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታቸውም ያለ ልክ ይነጣል።

ማረሚያው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። ነጭ ሲበዛ ከ1 እስከ 1 ተኩል ስቶፕ ጨምሩ (ስቶፕ የብርሃን እርከን ነው፤ ወዲያው እናየዋለን)፤ ጥቁር ሲበዛ 1 ያህል ቀንሱ። በኤም ሞድ (በእጅ ማስተካከያው) ላይ ግን አይኤስኦው፣ ማለትም የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ አውቶ ካልሆነ ይህ ቁልፍ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ፎቶውን አይለውጠውም። ብዙ ጀማሪ ቁልፉን ሲያሽከረክር ውሎ «ካሜራዬ አልሰማ አለኝ» የሚለው ለዚህ ነው።

አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሆነ ወይም ግማሽ ቀረ ማለት ነው። ሻተር፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ ከ1/125 ሰከንድ ወደ 1/250 ሲሄድ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ አይኤስኦ ከ100 ወደ 200 ሲወጣ ምስሉ እጥፍ ይደምቃል። ሰው የሚያደናግረው አፐርቸር፣ የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባልና። ምክንያቱም ኤፍ የሚባለው ቁጥር የሌንሱ ሚሊሜትር የሚካፈልበት ነው፦ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 2 ላይ 25 ሚሊሜትር ይከፈታል፣ በኤፍ 8 ላይ ግን 6 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ።

አሁን ቀትር ላይ ነን እንበል፤ ደመና የለም። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 16፣ ሻተር 1/125፤ ይህን በቃል ያዙት፣ መለኪያ ባይኖራችሁም ያስኬዳል። ጠበል ሲረጭ ጠብታው አየር ላይ ቆሞ እንዲታይ 1/1000 ትፈልጋላችሁ። ሻተሩ ሦስት ስቶፕ ፈጠነ፤ ስለዚህ አፐርቸሩን ሦስት ስቶፕ ክፈቱ፦ 11፣ 8፣ 5.6። ብርሃኑ ያው ነው።

ፀሐይ ላይ ስክሪኑ የጨለመ ስለሚመስል በእሱ አትፍረዱ። ሂስቶግራሙን፣ የፎቶውን ጨለማ በግራ ብርሃኑን በቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ፣ ክፈቱ። ክምሩ ቀኝ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈ ነጩ ተቃጥሏል፤ የነጠላው ድርና ማግ ጠፍቷል፣ በኋላ ኮምፒውተር ላይም አይመለስም። ትንሽ የጨለመ ጥላ ግን በሮው ፋይል (ካሜራው ሳይጨምቅ ባስቀመጠው ጥሬ ምስል) ከተነሳ በኋላ ሊደምቅ ይችላል፣ ጥቂት ነጠብጣብ ቢያመጣም። ከነጠላውና ከለባሹ ፊት አንዱን ብቻ ማዳን ግድ ከሆነ ግን እኛ የሰውየውን ፊት እንመርጣለን፤ የነጠላ አንድ እጥፋት ቢቃጠል ይቻላል። ከዚያ የሚሻለው ግን ሰዎቹ ሁሉ ጥላ ውስጥ ወይም ሁሉም ፀሐይ ላይ የሚሆኑበትን ቦታ መፈለግ ነው። ግማሹ ጃንጥላ ሥር፣ ግማሹ ፀሐይ ላይ ከሆነ የትኛውም ቁጥር አያስታርቃቸውም።

የከተራ ሌሊት ሌላ ዓለም ነው። በጧፍ ብርሃን አይኤስኦ 3200፣ ኤፍ 3.5፣ ሻተር 1/60 ጥሩ መነሻ ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ በ18 ላይ 3.5 ይከፈታል፤ 55 ላይ ስታደርሱት 5.6 ይሆንና ከአንድ ስቶፕ በላይ ይወስድባችኋል። ዙም ማድረግ ትታችሁ በእግራችሁ ቅረቡ። ፎቶው ሲደበዝዝ አስተውሉ፦ ሁሉም ነገር ከተጎተተ የተንቀጠቀጠው እጃችሁ ነው፤ ምሰሶው ጠርቶ ዘማሪው ብቻ ከደበዘዘ የተንቀሳቀሰው እሱ ነው። ለመጀመሪያው ክንድን ከጎን ማጣበቅ ወይም ግድግዳ መደገፍ ይረዳል። ለሁለተኛው ግን የሌንሱ ማረጋጊያም አያግዝ፤ ሻተሩን ማፍጠን ብቻ ነው።

ከመተኛታችሁ በፊት አይኤስኦውን ወደ 100 መልሱ። 3200 ላይ ከረሳችሁት፣ ጠዋት በኤፍ 5.6 ፀሐይ ላይ ካሜራው 1/32000 ሻተር ያስፈልገዋል። የብዙዎቻችሁ ካሜራ 1/4000 ላይ ያቆማል፤ ሦስት ስቶፕ ይተርፋል፤ ታቦቱ ሲያልፍ የምታነሱት ሁሉ ነጭ ወረቀት ይሆናል።