አሰልጣኙ ይድነቃቸው

የተከበራችሁ የድሬዳዋ የታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኞች፣ የጥጥ ማህበር እግር ኳስ ክለብ አንጋፋዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ይድነቃቸው ተሰማ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ የካፍ፣ ፕሬዚዳንትነታቸው ነው። እውነት ነው፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ መርተዋል። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ግን ስለ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ነው።

ጋሽ ይድነቃቸው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ጅማ ተወለዱ፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ለዓመታት ተጫወቱ። ከዚያ ብሔራዊ ቡድኑን በአሰልጣኝነት ያዙ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ግብጽ ቀድማ አገባች። ጨዋታው ሊያልቅ 16 ደቂቃ ሲቀረው ተክሌ አቻ አደረገን። ደስታችን አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም፣ የግብጹ በዳዊ ደገመን! አሰልጣኞች፣ ይህቺን ሰዓት እናንተ ታውቋታላችሁ። ልጆቹ አንገታቸውን የሚደፉባት ሰዓት ናት። የጋሽ ይድነቃቸው ልጆች ግን አልደፉም። ሉቺያኖ በ84ኛው ደቂቃ አስቆጠረ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨረሱት። 4 ለ 2!

ያ ልብ ፍጻሜው ቀን የተገኘ አይመስለኝም። ልምምድ ላይ ነው የተሠራው።

ደግሞ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የማን ተጫዋች ነበር? የእኛው የጥጥ ማህበር! በ1950ዎቹ አራት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነው የድሬ ክለብ! የአባቱ አገር ጣሊያን፣ የእናቱ ኤርትራ ነው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው እሱ ነው።

ጋሽ ይድነቃቸው በሰው ቀለም ጉዳይ ቀልድ አያውቁም ነበር። ካፍ በ1949 ዓ.ም. ሲመሠረት ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ብላ ከውድድሩ ቀረች። እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን አፓርታይድን ታገሉ።

በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚሁ ድሬ ሲካሄድ፣ የካፍ ፕሬዚዳንት እሳቸው ነበሩ። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና የወቅቱ ሻምፒዮን ዛየር እዚህ ተጫውተዋል። ሞሮኮ ከዚህ ተነስታ ዋንጫውን ወሰደች።

እነዚያን ጨዋታዎች ያዩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። አንጋፋዎቻችን፣ እባካችሁ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ኑልን። ልጆቹ ያያችሁትን ከእናንተ ከዓይን ምስክሮቹ ይስሙ። ወጣት አሰልጣኞችም ወንበር እየያዛችሁ ጠብቋቸው።

አመሰግናለሁ!