ከባጃጅ ኋላ

እሺ... እየቀዳ ነው? ቀዩ በርቷል፣ እየቀዳ ነው። ዶሮው ዛሬም አለ። ላስወጣው ሞክሬ ተሸንፌያለሁ፤ መሃል ላይ ከጮኸ የሱም ሐሳብ ነው ብላችሁ እለፉት።

ዛሬ በሌላ ነገር ላይ ነበር የተዘጋጀሁት፣ ወረቀት ሁሉ ጽፌ ነበር። ግን ያለፈው እሁድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። አዎ፣ የመኪናው ነገር። "አሁንም መኪና?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የኛዋ መኪና፣ እትዬ፣ አልተሸጠችም። በር ላይ ናት፣ የግራ መስታወቷ አሁንም በፕላስተር ነው የተያዘው፣ ሰላም ብላችኋለች።

መኪናው ፖርሽ ማካን ነው። በቃ፣ ተናገርኩት። የ2017 ሞዴል፣ ግራጫ፣ ኮድ 2፣ የአዲስ አበባ ታርጋ። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ እናቴም ትሰማለች፣ ባትሰማም ሰው ይነግራታል። ማካን በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ነብር ማለት ነው አለኝ ደላላው። እኔ ደግሞ ወዲያው ትዝ ያለኝ "የነብር ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም" የሚለው ነው። እዚያ ጋ ማቆም ነበረብኝ።

ለባለቤቴ የነገርኳት "የቤተሰብ መኪና ነው" ብዬ ነው። ውሸት አይደለም እኮ! አምስት በር፣ አምስት ሰው፣ የኋላው ዕቃ መጫኛ 500 ሊትር። ስንት ነን? እኔ፣ እሷ፣ ሁለቱ ልጆች፣ እማዬ። አምስት። ልክክ። እሷ ምን አለች? "የቤተሰብ ከሆነ ቤተሰቡ ይጠየቃ።" የሷ ምርጫ የታወቀ ነው፣ ያ ቮልስዋገን አይዲ 6፣ ኤሌክትሪኩ፣ ሰባት ሰው የሚይዘው። ትክክል ናት። ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም፣ ቤንዚን ሰልፉንም ታውቁታላችሁ። ደላላው ግን ይህንኑ ገልብጦ ነው የሚሸጥልኝ። "ወንድሜ፣ ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ አይገባም። ያለው ያለው ነው።" እና እኔ... "ያለው ያለው ነው" የምትለዋ ቃል ገባችብኝ። ማታ ተኝቼ ሁሉ ያለው ያለው ነው እላለሁ።

አማቼም አለ፣ ኢንጂነሩ። ሳይጠየቅ መጣ። "አጥንቱ እኮ የአውዲ ኪው 5 ነው" አለኝ፣ ሚስጥር እንዳወጣ ሰው በሹክሹክታ። እሺ፣ ይሁን። ቀጥሎ የነገረኝ ግን እውነትም አስደንጋጭ ነው። የፊትና የኋላ ጎማው እኩል አይደለም። ስፋቱ ፊቱ 235 ሚሊ ሜትር፣ ኋላው 255። የፊቱን ወደ ኋላ ማዞር የለም። አላመንኩትም፣ ፎቶ ይዤ ሄጄ ጎሚስታዬን ጠየቅሁት። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ "ታዲያ አንዱ ሲፈነዳ አዲስ አበባ ነው የምንደውለው?" አለኝ። የምንደውለው! ገና ሳልገዛው ተካፈለኝ ሰውዬው። (ይስቃል)

ግን ደግሞ... እንዴት ልበላችሁ። እኛ ያለነው ባሕር ዳር ነው፣ 1,800 ሜትር ላይ። እትዬ አንድ ሊትር ሞተሯን ይዛ አምስት ሰው ጭና የቤዛዊትን ኮረብታ ስትወጣ ልጆቹ ወደፊት ጎንበስ ይሉላታል፣ እንደማገዝ። አየሩ ስስ ነው፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ቱርቦ ያለው ግን ስሱን አየር ራሱ አምቆ ነው ወደ ሞተሩ የሚሰደው፣ ከፍታው እንደሷ አይጎዳውም። ይሄ ምክንያት አይደለም? ምክንያት ነው። የምፈልገውን ከፈለግሁ በኋላ ያገኘሁት ምክንያት ነው፣ ግን ምክንያት ነው።

እሺ፣ እሁድ።

ሐሳቤ እማዬን ከቅዳሴ ስትወጣ ጊዮርጊስ በር ላይ ልቀበላት ነበር። ልጆቹ አብረዋት ናቸው። ባለቤቴ "እኔ ምሳ አለብኝ" ብላ ቀረች፤ ምሳው ቅዳሜ ነበር የተሠራው፣ ይሄንን ራሱን የቻለ ክፍል እናደርገዋለን። ደላላው ቁልፉን ሰጠኝ፣ መሪ ላይ ተቀመጥኩ፣ ቀኝ እጄ ቁልፍ መክተቻውን ይፈልጋል፣ የለም። በግራ ነው! በመሪውና በበሩ መካከል። የድሮ ተወዳዳሪዎች ወደ መኪናቸው ሮጠው ገብተው በግራ እያስነሱ በቀኝ ማርሽ እንዲያስገቡ ነው ይባላል። እኔ ቀኝ እጄ አየር ላይ ቀርቷል፣ ደላላው ይስቃል።

እና ወጡ። ነጭ ለብሰው፣ ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ነው፣ እማዬ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ልጆቹን በግራና በቀኝ ይዛ። ጥሩምባ ነፋሁላት። አታውቀውማ፣ አልፋ ሄደች! ወርጄ ጠራኋት። መጣች። ዞር ብላ አየችው፣ "ቆንጆ ነው" አለች፣ ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ወደ ጋቢናው ሄደች።

ጋቢናው ላይ ደላላው ተቀምጧል።

እዚህ ጋ ነው እኔ የምመላለሰው። ሰውዬው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "እማማ፣ እንኳን አደረሰዎ፣ ከኋላ ይመችዎታል" አላት። አልወረደም። እማዬ እጇ በሩ እጀታ ላይ ነበር። ምናልባት ሁለት ሴኮንድ። እኔን አየችኝ። እኔ... ኮፈኑን እያየሁ ነበር። በእውነት፣ ኮፈኑ ላይ የዘንባባው ጥላ ወድቆ ያንን እያየሁ ነበር። "ወንድሜ፣ እለፍላት" ማለት ስንት ቃል ነው? ሁለት ቃል። አላልኩም። ለምን አላልኩም? አንዳንዴ ሰውዬውን እንዳላስቀይም ይመስለኛል፣ መኪናው የሱ ሳይሆን። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይደለም እላለሁ፣ የአምስት ደቂቃ ነገር ነው፣ ሰው ነው፣ ይረሳል። እማዬ በእትዬ ጋቢና ስንት ዓመት ተቀመጠች፣ አንድ ቀን ከኋላ ብትቀመጥ ምን አለበት?

ከኋላ፣ መሃል ላይ ገባች፣ ልጆቹ መስኮት ይወዳሉ ብላ። መሃሉ ታዲያ ወለሉ ከፍ ያለ ነው፣ የኃይል ማስተላለፊያው በሥሩ ስለሚያልፍ። አንድ እግሯን ወዲህ፣ አንድ እግሯን ወዲያ አደረገች። ቀበቶውን ከነጠላዋ ሥር ፈለገችው፣ አላገኘችውም፣ ተወችው። ወይ አቁሜ ላገኝላት ይገባኝ ነበር።

ወደ አዲሱ የአባይ ድልድይ ሄድን፣ ያው በግንቦት 2016 የተመረቀው፣ 380 ሜትር። ልጁ ጉማሬ እናያለን ይላል፣ ሁልጊዜ ነው የሚለው፣ አንዴም አላየንም። ድልድዩ ባዶ ነበር። ደላላው "ስፖርት" የሚለውን ነካልኝ። እኔም ነዳጁን ሰጠሁት። ከዜሮ እስከ መቶ በ7 ሴኮንድ ገደማ ነው፣ መቶ አልደረስኩም፣ አትሳደቡ። ግን የሚይዝህ ነገር አለ እኮ! ጀርባህን ወንበሩ ላይ ይለጥፈዋል። ልጄ ጮኸች በደስታ፣ "ድገመው አባዬ!"። እኔም ስቄያለሁ። ስንት ጊዜዬ ነው እንዲያ ከሳቅሁ።

ከዚያ መስታወቱን አየሁ። እማዬ ሁለት እጇን ዘርግታ የሁለቱንም ልጆች ደረት ይዛለች። እንደ ቀበቶ። እሷን የያዛት ግን የለም። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ ፍርሃትም አላየሁም። መንገዱን እያየች ነው፣ በቃ፣ መንገዱን።

ስንመለስ ሰፈር ሳንደርስ "እዚህ ጋ አውርደኝ፣ ስኳር ልግዛ" አለች። አወረድኳት። ስኳሩን ገዛች። ወደኛ ትመለሳለች ብዬ ስጠብቅ እጇን አነሳች፣ ባጃጅ ቆመላት፣ ገባች።

ምን ታደርጋለህ? ተከተልኳት። ባጃጁ ፊት ለፊቴ ነው፣ የነጠላዋ ጫፍ በጎን ወጥቶ ይውለበለባል፣ እያንዳንዱ ፍጥነት መግቻ ላይ ባጃጁ ይቆማል ማለት ይቻላል፣ እኔም እቆማለሁ። ልጄ "አባዬ፣ እለፈው!" ትላለች። ማለፍ እችላለሁ። ያ ሁሉ ሞተር። ደላላው ስልኩን ያያል። በሃያ ኪሎ ሜትር ነው የሄድነው፣ እስከ ቤት፣ ከባጃጅ ኋላ። አንዴም ዞር ብላ አላየችም። ወይም ዞራ ይሆናል፣ የባጃጁ የኋላ ፕላስቲክ ቆሻሻ ነበር፣ አላየሁም።

በር ላይ ስደርስ ከባለ ባጃጁ ጋር እየሳቀች ነበር። በምን እንደሆነ አላውቅም።

"እማዬ፣ ምነው?" አልኳት። "ጉልበቴን ነው፣ ዝቅ ብሎ ነው የሚያስገባው" አለች። ይሆናል። ጉልበቷ በእውነት ያማታል። ባለቤቴም "ጉልበቷ ነው፣ አታካብድ" አለችኝ፣ ቀጥላ ግን "ለነገሩ የት ነበር የተቀመጠችው?" አለች። እኔም "ከኋላ" አልኩና ስለ ምሳው ጠየቅሁ።

ማታ ቡና ላይ እማዬ ምንም አላነሳችም። ስኒውን እያቀበለችኝ "ያ ሰውዬ የማን ልጅ ነው?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። "እህ" አለች። ይኸው ነው። "እህ"።

አሁን ደላላው እስከ ነገ መልስ ይፈልጋል። ሌላ ገዥ አለ ይላል፤ ሁልጊዜ ሌላ ገዥ አለ። እና ታውቃላችሁ የሚገርመው... አሁንም እፈልገዋለሁ። ያቺ የድልድዩ ሳቅ... ልጆቹን ብቻ ይዤ፣ እማዬን ጋቢና አስቀምጬ፣ ቀስ ብዬ... አይ፣ ቀስ ብዬ ከሆነማ እትዬ ምን አጠፋች? አላውቅም። ምናልባት ከሌላ ሰው—

ቆይ። ውጭ ባጃጅ ቆመ። እሷ ናት መሰለኝ፣ ከማኅበር ናት። ዝርዝር አይኖራትም፣ ልውጣ—