ቮልሷ ዳገት ላይ ለምን ትጠፋ ነበር? (የፖድካስት ውይይት)

ሚሚ፦ እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን። ዛሬም የምንቀዳው ሱሉልታ፣ ከአጎቴ ግቢ ነው፤ ከኋላችን ቆርቆሮው ሥር የቆመችውም እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራችው ባለ 1,500 ሲሲ ቮልሱ ናት። ባለፈው ቃል እንደገባነው ርዕሳችን የሞተርን ታይሚንግ፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው እሳት የሚወጣበትን ቅጽበት፣ በአንዲት አምፖል ብቻ ማስተካከል ነው። ጋሼ፣ ከየት እንጀምር?

ጋሼ፦ ከታይሚንጉ አንጀምርም። እሳቱ ጤነኛ መሆኑ ሳይታወቅ ታይሚንግ የሚያስተካክል ሰው፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደሚወለውል ነው። እኔ ይህን የተማርሁት ሦስት ወር ሙሉ ዳገት ላይ እየቆምሁ ነው።

ሚሚ፦ እርጥብ ጨርቁ ሊመጣ ነው።

ጋሼ፦ ይመጣል፤ ታገሺ። ጠዋት ጠዋት ያለ አንዳች ችግር ትነሣለች። ከአዲሱ ገበያ ወደዚህ ስመለስ ግን ዳገቱን ሃያ ደቂቃ ያህል እንደወጣሁ መቆራረጥ ትጀምራለች፤ ቀጥላ ሁለት ጊዜ ታስልና ጸጥ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ስሞክራት ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትነሣለች። ያማከርሁት መካኒክ ሁሉ የነገረኝ አንድ ነገር ነው፦ «ከፍታው ነው፤ ቤንዚኑ ሙቀት ሲያገኘው እየፈላ ነው።»

ሚሚ፦ እሱ እኮ ሐሰት አይደለም። ከፍ ባለ ቦታ ቤንዚን ቶሎ ይተናል።

ጋሼ፦ ሐሰት አለመሆኑ ነው ያሳሳተኝ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ ነገሩ ለሰሚ ጆሮ ያሳምናል። ስለዚህ የቤንዚን ፖምፓው ተቀየረ፣ ካርቡሬተሩ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ታጠበ፣ ቱቦውም ታደሰ። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አጠገቤ ቆሞ አዘነልኝና እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ እንድጠመጥም መከረኝ። ጠመጠምሁ፣ ጠበቅሁ፣ ተነሣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጀሪካን ውኃና አንድ ጨርቅ ሳልይዝ ከግቢ አልወጣም ነበር።

ሚሚ፦ ሠርግ ስንሄድም ጨርቁ ከኋላ ወንበር ላይ እኔ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

ጋሼ፦ ጨርቁ ግን ምንም አልሠራም። የሠራው ጨርቁን ለማርጠብና ለመጠምጠም ያጠፋሁት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ዕቃ ቀዝቅዞ ነበር፤ ምስጋናውን ግን ጨርቁ ወሰደው።

ሚሚ፦ ኮንደንሰሩ ማለትዎ ነው።

ጋሼ፦ ኮንደንሰሩ ነው። እሳቱን ለየሲሊንደሩ ከሚያከፋፍለው ከዲስትሪቢዩተሩ ጎን በአንዲት ቡሎን የታሰረች፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ቆርቆሮ። ሥራዋን ላስረዳ። ፑንቲናው፣ ማለትም ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው ማገናኛ፣ ሲዘጋ ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ቮልቱን በሚያሳድገው የሽቦ ጥቅል፣ በኮይሉ ውስጥ ያልፋል፤ ፑንቲናው ሲከፈት ያ ጉልበት በድንገት ይቋረጥና ኮይሉ 12 ቮልቱን ወደ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሺህ ቮልት ያህል ይወረውረዋል። «በድንገት» የሚለው ቃል ላይ ነው ነገሩ ያለው። ኮንደንሰሯ ከሌለች ወይም ከደከመች ኤሌክትሪኩ የፑንቲናውን ክፍተት በብልጭታ እየዘለለ ያልፋል፤ መቋረጡ ይዘገያል፤ ካንዴላው ጋ የሚደርሰውም እሳት ቀጭንና ቢጫ ይሆናል። የእኔዋ ደግሞ ብርድ ላይ ደህና ናት፤ ሞተሩ ሲግል ነው የምትከዳው።

ሚሚ፦ ታዲያ እንዴት አገኙት?

ጋሼ፦ በምሽት። መሽቶ ዳገቱ ላይ ቆሜ፣ ከተስፋ መቁረጥ የተነሣ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፈትሁና አብሮኝ የነበረውን ልጅ ቁልፉን እንዲያዞር አዘዝሁት። ፑንቲናው በከፈተና በዘጋ ቁጥር የብየዳ ቤት የመሰለ ሰማያዊ ብልጭታ ያወጣል። ጤነኛ ፑንቲና እምብዛም ብልጭታ አያሳይም። ሦስት ወር ያልታየኝ ነገር በአሥር ሴኮንድ ታየኝ።

ሚሚ፦ እዚህ ላይ ግን አልስማማም፤ ኮይልም ሲግል ይከዳል። የእኔዋ ቮልስ ላይ የነበረው ኮይል ነው፤ ምልክቱም ከእርስዎ ጋር አንድ ዓይነት ነበር።

ጋሼ፦ ምልክቱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ፑንቲናው ላይ ነው። ፑንቲናው በኃይል እየተብለጨለጨ እሳቱ ደካማ ከሆነ ኮንደንሰሩን ጠርጥሪ። ፑንቲናው ሰላም ሆኖ እሳቱ ከደከመ ወይም ከጠፋ ወደ ኮይሉና ከኮይሉ ወደ ክዳኑ ወደሚሄደው ገመድ ሂጂ።

ሚሚ፦ እኔ ብሆን ግን ከኮይሉ እጀምር ነበር።

ጋሼ፦ ጀምሪ፤ ኮንደንሰር ይረክሳል እንጂ ሌላ ምን እላለሁ። ብቻ አዲስ ነው ብለሽ አትመኚ። በማግስቱ ከአንድ ሱቅ በማሸጊያው ያለ አዲስ ኮንደንሰር ገዛሁ፤ አንድ ሳምንት ሠራና እዚያው ኩርባ ላይ አቆመኝ። ከዚያ ምናለሽ ተራ ወርጄ፣ ከተፈታ አሮጌ ዲስትሪቢዩተር ላይ ያወጣሁት ዝገት የበላው ኮንደንሰር ነው እስከ ዛሬ የሚያገለግለኝ።

ሚሚ፦ ዕድል ነው።

ጋሼ፦ ግማሹ ዕድል ነው፤ ግን አዲስ ማለት ደህና ማለት አይደለም። ይህን በየዝግጅቱ እላለሁ።

ሚሚ፦ በየዝግጅቱ ይላሉ። ለዚህም ነው እኔ ፑንቲናና ኮንደንሰር የሚባል ነገር አውጥቼ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያውን ያስገባሁት። ክዳኑ ሥር ይገባል፣ የሚበላ ነገር የለውም፣ በየጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ክፍተት መለካት ቀረ።

ጋሼ፦ ሲሞትስ? ፑንቲና ሲያረጅ እየቀረበ ይነግርሻል፤ በጥፍር ሞረድ ፍቀሽው ቤትሽ ትገቢያለሽ። ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ለካዲላክ መኪና ያዘጋጀው ዘዴ፣ አገር ቤት ዳገት ላይ በሞረድ የሚጠገን መሆኑን ሳስብ እደነቃለሁ። ያንቺ መሣሪያ ግን አንዴ ከሞተ ሞተ ነው።

ሚሚ፦ አሮጌውን ፑንቲና ከነኮንደንሰሩ መሳቢያዬ ውስጥ ይዤ ነው የምሄደው።

ጋሼ፦ እንግዲህ ከያዝሽው አንቺም ሙሉ በሙሉ አላመንሽውም ማለት ነው።

ሚሚ፦ ጥንቃቄ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ አይደለም። አሁን አምፖሉን፣ ጋሼ፤ ጊዜው እየሄደ ነው።

ጋሼ፦ እሺ። መጀመሪያ የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ይህ ከታይሚንጉ መቅደም አለበት፣ ምክንያቱም ክፍተቱ ሲሰፋ ታይሚንጉ ወደ ፊት፣ ሲጠብ ወደ ኋላ ይሸሻል። የፑንቲናው ተሸራታች ክፍል እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፤ እሳቱ ይዘገያል፤ ሞተሩም ያለ ምክንያት የሚግል ይመስላል። ከዚያ የማስነሻ ቁልፉን ዘግተሽ፣ የዲናሞውን ፑሊ ቡሎን በባለ 21 መፍቻ ይዘሽ ሞተሩን ወደ ቀኝ አዙሪ፤ ታችኛው ፑሊ ላይ ያለው የ7.5 ዲግሪ ምልክት የሞተሩ ሁለት ግማሾች ከተጋጠሙበት መስመር ጋር ይግጠም፤ ክዳኑ ሥር የሚሽከረከረው ሮተርም ዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ወዳለችው ጭረት፣ ማለትም ወደ አንደኛው ሲሊንደር ይመልከት።

ሚሚ፦ 7.5ቱ የእርስዎ ሞተር ነው፤ የሌላው ሊለይ ስለሚችል የራሳችሁን መጽሐፍ ተመልከቱ።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ። አሁን ባለ 12 ቮልት አምፖል ወስደሽ አንዱን ጫፍ ከኮይሉ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ሽቦ የሚወጣበት ቦታ ላይ፣ ሌላውን ማሳ፣ ማለትም የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርጊ። ቁልፉን ክፈቺ። ዲስትሪቢዩተሩን የያዘውን ማሰሪያ አላልተሽ አምፖሉ እስኪጠፋ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ቀስ እያልሽ ወደ ግራ አዙሪ፤ አምፖሉ በበራበት ቅጽበት ፑንቲናው ተከፈተ ማለት ነው። እዚያው አጥብቂው።

ሚሚ፦ ይኸው ነው? ለዚህ ነው ይህን ያህል ጨርቅ የሰማነው?

ጋሼ፦ ይኸው ነው። ከጨረስሽ በኋላ ገመዶቹን በ1፣ 4፣ 3፣ 2 ቅደም ተከተል ወደ ቀኝ መመለስሽን አረጋግጪ። ሁለት ገመድ የተቀያየረበት ቮልስ ሲተኩስ ሰፈሩ ይወጣል።

ሚሚ፦ የእኔዋን ጋራዥ ቀያይረውባት ጎረቤት ርችት መስሎት ነበር። ክዳኑስ? ዛሬ ክዳኑን እናያለን ብለን ነበር።

ጋሼ፦ ክረምት ሲገባ ጤዛ ይይዛል፤ የተሰነጠቀ ክዳን ደግሞ ውስጡ እንደ እርሳስ መስመር የመሰለ ጥቁር ጭረት ያወጣና እሳቱ በዚያ ይሾልካል። ያንን የሚያሳየው ግን ጨለማ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ በጨለማ ብታዪው ሰማያዊ ጭራ ሲሮጥ ታያለሽ። አሁን ፀሐይ ጠልቃለች፤ መቅጃውን ዝጊና የእጅ ባትሪውን ሳታበሪ ነይ፣ የእኔዋን እንያት።